የአራታችን መኪና ወደ ዘንገና

ከባሕር ዳር እንጅባራ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እኔ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም የሄድኩባት መኪና ከማንኛውም ሚኒባስ ትፈጥናለች። ነገሩ ሲገባችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን በመንገዱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ቀይ ናት። ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የእሽቅድድም መኪና ስትሆን ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። የእኔ ብቻም አይደለችም፤ የአራት ጓደኛሞች ናት። እኔ ሰብለ እባላለሁ፣ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት አለኝ። ጌትነት የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ውብእሸት መሐንዲስ ነው፤ ከሁላችንም በላይ የሚሳሳላት እሱ ነው። አራተኛው አየነው ነው፤ ዘንገና አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ተምሮ፣ እዚያው ማተሚያ ቤት የከፈተ። አንዳችንም ለብቻችን እንዲህ ያለ መኪና የምንገዛ ሰዎች ስላልሆንን ለአራት ገዛናት። አንድ አንድ ሳምንት እንነዳታለን፤ እሁድ ሲመሽ ታጥባ ለባለተራው ትሰጣለች። የተፈራረምንበት አንድ ገጽ ሕግ አለን፤ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ “ከከተማ አትወጣም” ይላል።

ያንን ሕግ የጣስኩት በአፌ የተነሳ ነው። ከአራት ወር በፊት አየነው በተራው ሳምንት አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የመኪናዋን የፊት ከንፈር፣ የመከላከያዋን ታችኛ ጠርዝ፣ ጫረው። እራት ላይ ራሱ ነገረን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ “ከፈረስ ወርዶ በቀጥታ እዚህ ላይ የወጣ ሰው እንዲህ ነው” አልኩት። ጌትነትና ውብእሸት ሳቁ። አየነውም ሳቀ። በማግስቱ ቁልፉን መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጅ ሰጥቶ፣ ሥራውን ለአጎቱ ልጅ አስረክቦ፣ አባቱ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ ተራውን አልወሰደም፤ የእኔንም ስልክ አያነሳም። አፌን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። አፍ ግን ተቆርጦ አይጣልም፤ ስለዚህ ተራውን ደጁ ድረስ ልወስድለት ተነሳሁ።

ዓርብ

ማልጄ ወጣሁ። ለጌትነትም ለውብእሸትም ትንፍሽ አላልኩም። እሁድ ማታ ተረኛው ውብእሸት ስለሆነ እስከዚያ ከአየነው ጋር ታርቄ፣ መኪናዋንም እንደወሰድኳት መመለስ ነበረብኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ ጉብታውን ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከመራዊ በኋላ ግን የማላውቀው አገር ነው። ጉብታ ባየሁ ቁጥር ቆሜ እወርዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እለካለሁ፣ ተመልሼ ገብቼ በሰያፍ እንደ ሸርጣን እሻገራለሁ። ከኋላዬ አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል። “እምቢ ቢለኝስ?” የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሁለተኛውን ወንበር ይዞ አብሮኝ ይሄዳል። ወተት አባይ ኬላው ላይ ያስቆመኝ ፖሊስ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና “ሌላው ግማሿስ?” አለኝ። ወረቀቱን ሲያገላብጥ አራት ስም አነበበ። “አራት ባለቤት፣ ሁለት ወንበር” አለና ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈኝ።

ዳንግላ መግቢያ ላይ የፈራሁት ደረሰ። ጉብታውን በሰያፍ ልሻገር ስል ከፊቴ አህያ ገባች፤ መሪውን ሳቃና የመኪናዋ ሆድ ጉብታው ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ወርጄ ሳይ የተጫረው የፊት ከንፈሯ ነው፤ አየነው ከጫረበት ጭረት አጠገብ፣ የእሱን ሁለት እጥፍ። ከፈረስ ያልወረድኩት እኔ።

ሰው ከበበኝ። የራሱን ባጃጅ ዳር አቁሞ የመጣ፣ ጸጉሩ ገባ ገባ ያለ ሰውዬ “እህቴ፣ አትንኪያት፣ ሞተሩን አጥፊ” አለኝ። ሰው አስተባብሮ አፍንጫዋን አስነሳ፣ ከባጃጁ ጣውላ አምጥቶ ከጎማዋ ሥር ከተተ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው አወረዷት። ለሻይ ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ተቆጣኝ። “ለመግፋት ገንዘብ አይበላም። ምሳ በልተሻል?” አለ። አልበላሁም ስለው ባጃጁን አስነስቶ ከፊቴ እየመራ፣ በየጉድጓዱ እጁን አውጥቶ እያሳየ፣ አንዲት ምግብ ቤት አደረሰኝ።

እኛ ጋ ቢሆን ዓርብ ዓሣ ነበር። እዚህ ሽሮ እየተንተከተከ መጣ፣ ጎኑ ላይ ማር በስኒ። ባለቤትዋ ዓይኔ ከመስኮቱ አልነቀል ሲል አይታ፣ ወንበሬን አንስታ ፊቴን ወደ መኪናዋ አዙራ አስቀመጠችኝ። “አሁን እያየሻት ብይ፤ እንዲህማ ሆነሽ አይዋጥልሽም” አለች። እውነቷን ነው፣ ያን ቀን የቀመስኩት እሱን ብቻ ነው። ስወጣ ባለ ባጃጁ ሄዶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ መራኝ።

ከአዲስ ቅዳም ወዲያ አየሩ ተለወጠ። ባሕር ዳር በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ከዘንባባው ሥር ይጠጋል፤ እዚህ ሰው ሁሉ ጋቢና ጃኬት ደርቧል። በግራም በቀኝም ዲከረንስ የሚሉት የግራር ደን ነው። ገበሬው እንደ ሰብል ይዘራዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል። የከሰሉ ጭስ ከማሳው ላይ በቀጭኑ ይነሳል፤ በማዳበሪያ የታጨቀው ከሰል መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። እንጅባራ ስገባ ደግሞ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ በየደጁ ተሰቅሏል። አንድ ወንበር አማረኝ፤ የት አስቀምጠዋለሁ? የእኔ መኪና ከአንድ ቦርሳ ሌላ አትይዝም።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን በር ከፍ ያለ የሲሚንቶ ደፍ ስላለው መኪናዋ ልትገባ አልቻለችም። ዘበኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። “እንግዲያው እኔ እወጣለሁ” አሉና ወንበራቸውን ከግቢ አውጥተው መኪናዋ አጠገብ ተቀመጡ። አስተዳዳሪዋ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። “የባሕር ዳር ሰው መሆንሽ ያስታውቃል” አለችኝ። ብርድ ልብሱ ሞቀኝ፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ሰውዬው የመጡበትን ሥራ ትተው የእኔን ቀይ ጣጣ ሲጠብቁ አደሩ፤ ጠዋት ሳመሰግናቸው አፈርኩ።

ቅዳሜ

ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ እንደሄዱ የዘንገና ሐይቅ በዛፍ ተከቦ ይታያል። ለማየት የሄደ ሰው ቆሞ ያያል፤ እኔ የአየነውን ቤት እያጠያየቅኩ በአጠገቡ አለፍኩ። ጠይቄ ሳልጨርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ፣ አንድ ሽማግሌ በዳማ ፈረስ ላይ ሆነው ከአስፋልቱ ዳር አገኙኝ። የአየነው አባት አያ ስንሻው ናቸው። ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ መኪናዋን ወደ ታች ያያታል። እዚያ አገር ፈረስ የቤት ሰው ነው፤ ዘፈኑም፣ ሠርጉም፣ ኩራቱም ላይ አለ። እኔ ስድብ ያደረግኩት ይህንን ነው። አሁን ፊቱ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።

“የአየነው ጓደኛ ነኝ፣ አባባ” አልኳቸው።

“እንግዲህ የኛ እንግዳ ነሽ። አየነው ጥሊሊ ገበያ ወርዷል፣ ሲመሽ ይመጣል።”

ከአስፋልቱ እስከ ግቢያቸው ድረስ ቅርብ ነው፤ ግን መካከሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። መኪናዋን አስፋልት ላይ ትቼ ልሂድ ብል አያ ስንሻው አልሰሙኝም። “እንግዳ ውጭ አያድርም” አሉ። ጎረቤቶቻቸው ለከሰል የቆረጡትን የዲከረንስ ግንድ እየተሸከሙ መጥተው ቦዩን ደለደሉት። በአገውኛ እየተነጋገሩ ይሳሳቃሉ፤ በእኔ ላይ መስሎኝ ተሳቀቅኩ። አንዱ አይቶኝ “አንቺን አይደለም፤ ደረቷ የፈረስ ደረት ነው እየተባለ ነው” አለኝ። ገፍተው ሲያሻግሯት ግንዱ ይንቋቋል፤ እኔ መሪውን ይዤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ መሪ የያዘ ሰው አገር ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ግቢ ገብተን የአየነው እናት የገብስ ዳቦና የድንች ወጥ አቀረቡ። አያ ስንሻው መኪናዋን በበሩ እያዩ ይበላሉ።

“ስንት ሰው ትጭናለች?”

“ሁለት፣ አባባ።”

“ፈረስም ሁለት ይጭናል። የማን ናት?”

“የአራታችን ናት። አንዱ ባለቤት አየነው ነው።”

እጃቸው ከሰሃኑ ላይ ቆመ። “የኛ አየነው?” አሉ። እናትየውም ቀና አሉ። ለካ ነግሯቸው አያውቅም። አፌ ሁለተኛ ጥፋት እንደሠራ ገባኝ፤ አሁን ደግሞ ልመልሰው አልችልም። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በራ። “መቀናጆ ነዋ” አሉ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬያቸውን አጣምረው በየተራ የሚያርሱበት ነው። “እኔም ስጀምር በመቀናጆ ነው ያረስኩት።”

“በሬው በባልንጀራዎ እጅ ሳለ ቢሰበርስ?” አልኩ። የዳንግላው ጉብታ እየታወሰኝ ነው።

“ወሬው ሳይቀድመው ራሱ መጥቶ ይነግረኛል። ያኔ በሬ ነው የሞተብኝ። ካልነገረኝ ግን መቀናጆው ነው የሞተው።”

አሥር ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ባሕር ዳርም በረዶ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አልተቻለም። ብድግ ስል እናትየው እጄን ያዙኝ። “ተቀመጪ ልጄ፣ እሳቸው ወጥተዋል” አሉ። አያ ስንሻው ከሁለት ጎረቤት ጋር ነበሩ፤ ቆይተው ሲመለሱ ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰው፣ ከጆሯቸው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ፈገግ ብለው ገቡ። “አልብሰናታል። የልጄ ከሆነችማ በረዶ አይነካትም” አሉኝ። ሸራ መስሎኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

አየነው ሊመሽ ሲል ገባ። ከስቷል፣ ፂሙንም አሳድጓል። እኔን ሲያይ አልደነገጠም፣ ደስም አላለው።

“መጣሽ?” አለ።

“ተራህን ይዤልህ መጣሁ።”

“ለአባቴ ለምን ነገርሽው? ሁለት ሰው ለምታስቀምጥ መኪና አራት ሰው አዋጣ ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ ብዬ ነው የተውኩት።” ከዚያ ፊቱን አዙሮ ስለ ገበያው ለእናቱ ነገራቸው፣ በላ፣ ተኛ። ይቅርታዬን በአፌ እንደያዝኩ አደርኩ።

እሁድ

ጠዋት ጥርት ያለ ፀሐይ ወጣ። የጎመኑ ቅጠል ሁሉ ተበሳስቷል፤ መሬቱ ላይ ያልቀለጠ በረዶ አለ። ወጥቼ መኪናዋን አየሁ።

ሸራ አይደለም። የከሰል ማዳበሪያ ነው። ከሰሉ ተራግፎ፣ ማዳበሪያው ተሰፍቶ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከጣሪያዋ እስከ አፍንጫዋ ለብሳለች። ነፋሱ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሲያነሳና ሲጥለው አምሽቷል፤ ውስጡ ደግሞ የከሰል ፍርፋሪ ነው። እዚያ አገር ለዝናብም ለበረዶም የሚለበሰው ማዳበሪያ ነው፤ ድንችም፣ እህልም፣ ሰውም ይለብሰዋል። ቀለም የሚባል ነገር እንደ ቆዳ እንደሚፋቅ ማን ያስባል? አያ ስንሻው ገመዱን ፈቱት። ቀዩ ላይ ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ከሥሩ ጭረቱ ታየ፣ ሺህ ጊዜ በመርፌ የተሞነጨረ ይመስላል። እሳቸው አላዩትም፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ ሲያደርጓት ከሰሉ ቀለሙ ላይ ሲፋጭ ሰማሁት።

አየነው ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ከአጥሩ ተደግፏል። መኪናዋን አያይም። የእኔን አፍ ነው የሚያየው።

ውብእሸት በሐሳቤ ታየኝ። አንድ ቃል አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። የጎመኑን ቅጠል አየሁ፣ የሽማግሌውን ያልደረቀ ጋቢ አየሁ።

“አባባ፣ ይኼ በረዶ ቢያገኛት መስታወቷም አይተርፍ ነበር። እግዜር ያክብርልኝ” አልኩ። ደግሞ ውሸት አይደለም።

“የልጄ መኪና ናት። ምኑን ታመሰግኚኛለሽ” አሉና ማዳበሪያውን አጣጥፈው ይዘው ገቡ።

አየነው ከአጥሩ ተነስቶ መጣ። “ቁልፉን አምጪ” አለኝ። እናቱ ድንችና የገብስ ዳቦ በፌስታል ጭነውልኝ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሌላ ቦታ የለም። አየነው ግንዱን በአንድ ጊዜ ተሻገረው፣ እኔ ዓይኔን እንኳ ሳልጨፍን።

እንጅባራን አለፍን። ሲነዳ ቀስ ይላል፤ ጉድጓዱን ገና ከሩቅ ያየዋል።

“ያን ማታ የተናገርኩህ ነውር ነው” አልኩት። “ጓደኛን እንዲያ አይሉም። ይቅር በለኝ።”

“ማታ ማዳበሪያውን ሳየው እንደሚፍቃት አውቄያለሁ” አለ። “አባቴ በበረዶ ወጥቶ ያለበሰውን ግፈፍ ልለው አልቻልኩም። ጠዋት የምትናገሪውን ስጠብቅ ነው ያደርኩት።”

“እኔም ምን እንደምል አላውቅም ነበር።”

“ያንቺ ቃል ከልቤ ወጥቶልኛል፣ ሰብለ። አፍሽ እንዲህ ነው፣ ከድሮም አውቅሻለሁ። ያልወጣልኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሁለቱ በአራት ወር አንድ ቀን አልደወሉልኝም። የእኔን ሳምንት ለሦስት ተካፍላችሁ ነዳችሁ፤ አይደለም?”

አዎ፣ ተካፍለን ነድተናል። ያኔ የመሰለን ለመኪናዋ ያሰብን ነው፣ ቆማ ባትሪዋ እንዳይሞት። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያለሱ እንዴት እንደለመድነው ሳስበው እንባዬ መጣ።

ዳንግላ ስንደርስ ዳር ያዘና ወረደ። “ተራዬን ነድቻለሁ። ከዚህ በሚኒባስ እመለሳለሁ” አለ።

“ባሕር ዳር ድረስ ና። ውብእሸት ጋ አብረን እንግባ።”

“ማን ጠርቶኝ?” አለና መንገዱን ተሻገረ። ወደ እንጅባራ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ ገፋ ገፋ አድርጎ አስገባው። ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ነበር።

ከዳንግላ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ብቻዬን ነዳሁት፤ በየጉብታው መውረዱንም ረሳሁት። ስልክ ልደውል ወይስ አጥቤያት ነገ ልናገር እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በመጨረሻ ሳላጥባት፣ ከነከሰሏ፣ ቤቴም ሳልገባ፣ በቀጥታ ውብእሸት ግቢ ገባሁ። ከከተማ መውጣቴን፣ የዳንግላውን ጉብታ፣ ማዳበሪያውን፣ እራት ላይ የተናገርኩት አየነውን እንዴት እንዳስከፋው ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። “የተጎዳችው በእኔ እጅ ነው፤ የሽማግሌው ጥፋት የለበትም” አልኩት።

ውብእሸት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። እጁን አፍንጫዋ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ጣቶቹ ጥቁር ሆኑ። ቀና ብሎ በተከፈተው በር ባዶውን ወንበር አየ።

“ታዲያ ለምን ይዘሽው አልመጣሽም?” አለኝ።

ከመራዊ ጀምሮ ስለ ቀለሙ መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።

“አንተ ደውልለት” አልኩት።